ጋዙ ወዴት ሄደ?

በደጋ አገር የቤት ማቀዝቀዣ ላይ በድንገት የሚደርሰውን የጋዝ መሹለክ ስለ መመርመር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ለብዙው ሰው «ጋዝ» ማለት ላምባ ነው፤ በኩራዝ የሚነደው፣ በጠርሙስ ተለክቶ ከሱቅ የሚገዛው፣ ሌሊቱ ሲገፋም የሚያልቀው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የቡታ ጋዝም ቢሆን ጠባዩ ያው ነው፤ ይነዳል፣ ያልቃል፣ ሲሊንደሩም ተወስዶ እንደገና ይሞላል። እንግዲህ የቤት ማቀዝቀዣ አንድ ቀን ማለዳ ሳያቀዘቅዝ ሲገኝ ባለቤቱ «ጋዙ አልቋል» ቢል የሚያስወቅሰው ነገር የለም፤ የተናገረው ቋንቋው ያስተማረውን ነው። ወቀሳው የሚመጣው የተጠራው ባለሙያም ይህንኑ ቃል እንዳለ ተቀብሎ፣ ጋዝ ሞልቶ፣ ሒሳቡንም ወስዶ ሲሄድ ነው።

በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ እንደሚታወቀው ነዳጅ አይደለም። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፣ በጀርባው ባለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ሰጥቶ ይጠላል፣ በቀጭኑ የካፒላሪ ቱቦ አልፎ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ ሲተን የምግቡን ሙቀት ይወስዳል፣ ተመልሶም ወደ ኮምፕረሰሩ ይገባል። በፋብሪካ ተመዝኖ የገባው 100 ወይም 150 ግራም ጋዝ ቱቦው ካልተበሳ ሃያ ዓመትም ሆነ ከዚያ በላይ እዚያው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «አልቋል» የሚባል ጋዝ የለም፤ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይፈለግ የሚሞላ ጋዝ በሳምንትም ሆነ በወር በዚያው ቀዳዳ ይወጣል።

ለነገሩ ቃሉ ትክክል የሆነበት ዘመንና መሣሪያ አለ። ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉት ሁለት ስዊድናውያን የምሕንድስና ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1922 የፈለሰፉት ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር የሌለው፣ በነበልባል ሙቀት የሚሠራ ነው፤ መብራት ባልደረሰባቸው የኢትዮጵያ ገጠሮችም የክትባት መድኃኒት ለብዙ ዓመት የተጠበቀው በዚህ ዓይነቱ የላምባ ማቀዝቀዣ ነበር። እዚያ ዘንድ ጋዙ በእውነት ያልቃል፤ ማሰሮው ተሞልቶ ክሩ ሲስተካከል መሣሪያው ሥራውን ይቀጥላል። ከዚያ ዘመን የተረፈው አነጋገር ወደ ኤሌክትሪኩ ማቀዝቀዣ ተሻግሮ ነው ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው።

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። ወረዳዋ እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ወርዶ ቆላ ይነካል፤ ከተማዋ ግን ደጋማ ናት። የቤት አየር ማቀዝቀዣ የድሬዳዋ፣ የጋምቤላ፣ የሰመራ፣ በመጠኑም የባሕር ዳር ጉዳይ እንጂ የደብረ ኤልያስ አይደለም። በዚህች ከተማ በጋዝ ዝውውር የሚሠራው የቤት መሣሪያ የምግብ ማቀዝቀዣው፣ ከቤት ውጭም የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። የሥራው ሕግ ለሁሉም አንድ ስለ ሆነ እዚህ የሚነገረው ለቆላው አየር ማቀዝቀዣም ይሠራል፤ የሚለይበት ቦታ ሲደርስ ይነገራል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። የፋሲካ ዋዜማ ነው እንበል። በደብረ ኤልያስ በአንድ ቤት የማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ግድግዳው በረዶ ጋግሮ ሥጋ ማስገቢያ አጥቷል። የቤቱ ልጅ ቢላዋ አንሥቶ በረዶውን ይፈቀፍቃል። ድንገት «ጭጭ…» የሚል የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል፤ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ልጁ ይደነግጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ ለማንም አይናገርም። ማቀዝቀዣው ከግድግዳው ሶኬት አልተነቀለም።

በቤት ማቀዝቀዣ ላይ ድንገተኛ ከሚባሉት የጋዝ መሹለኮች መካከል ከሁሉ የበዛው ይህ ነው። የኢቫፖሬተሩ አሉሚኒየም ስስ ነው፤ ለቢላዋ አይበረታም። ጉዳቱን የሚያከብደው ግን ከቀዳዳው ይልቅ ያልተነቀለው ሶኬት ነው። ጋዙ ከወጣ በኋላ ኮምፕረሰሩ መሥራቱን አያቆምም፤ በኢቫፖሬተሩ በኩል የሚስበው ጋዝ ስለሚያጣ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል፣ በዚያችም ቀዳዳ እርጥብ አየርና የቀለጠውን የበረዶ ውኃ ወደ ውስጥ ይምጋል። በአር 134 ኤ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ዘይት ኤስተር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህ ዘይት ውኃን አጥብቆ ይጠጣል፣ ከውኃውም ጋር ሲኖር እየተበላሸ አሲድ ይፈጥራል። ልጁ ሶኬቱን ወዲያው ነቅሎ ቢሆን ኖሮ ጥገናው አንድ ቀዳዳ መድፈን፣ አንድ ማድረቂያ ማጣሪያ መለወጥና ጋዝ መሙላት ነበር። ሳይነቀል ሁለት ቀን ከቆየ ኮምፕረሰሩ ራሱ ያጠራጥራል። ባለሙያ ለደንበኛው አንድ ምክር ብቻ የመስጠት ዕድል ቢኖረው ሊመክረው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ የትንፋሽ ድምፅ ከተሰማ ሶኬቱ ይነቀል።

ባለሙያው ሲጠራ ስለ ቢላዋው የሚነግረው የለም። የሚነገረው «ጋዙ አልቋል» ብቻ ነው። ቅኔ ቆጣሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ አይነሣም፤ ባለ ጌጁም ከዚህ ያነሰ ትዕግሥት ሊኖረው አይገባም። ስለዚህ ጌጁን ከመሣሪያ ሣጥኑ ከማውጣቱ በፊት ጋዝ ሳይጎድል ጋዝ የጎደለ የሚመስልባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ማስወገድ አለበት። በደጋ አገር እነዚህ ምክንያቶች ከቆላው ይልቅ ይበዛሉ።

የመጀመሪያው ብርዱ ራሱ ነው። ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩበት የክፍል ሙቀት በፋብሪካ ተወስኖ በሰሌዳቸው ላይ በላቲን ፊደል ምልክት ይጻፋል። ለመካከለኛ አየር ጠባይ የተሠራው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ፣ ለሐሩር አገር የተሠራው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ታስቧል፤ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ የሚታገሠው ሌላ ምልክት አለው። በጎጃም ደጋ በክረምትም ሆነ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት የወጥ ቤት ሙቀት ከ16 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነገር ነው። አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ባለ ሁለት በር ማቀዝቀዣ የታችኛው ክፍል በብርዱ ምክንያት በራሱ የቀዘቀዘ ሲሆን ኮምፕረሰሩን አያስነሣም፤ በላይኛው ክፍል ያለው ሥጋ ግን ይቀልጣል። ባለቤቱም የላይኛውን አይቶ ጋዝ አለቀ ይላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ሌሊት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ለሐሩር አገር የተሠራ ማቀዝቀዣ ለደጋ ሰው የተሻለ ዕቃ አለመሆኑ ነው።

ሁለተኛው የመብራቱ ኀይል ነው። በመሥመሩ መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ፣ በተለይም በምሽት ምጣዱና ምድጃው ሁሉ ሲለኮስ፣ 220 ቮልት አይደርሳትም። ከ190 ቮልት በታች ሲወርድ ብዙ ኮምፕረሰሮች ለመነሣት ይቸገራሉ፤ ያጉረመርማሉ፣ መከላከያው «ቀጭ» ብሎ ያቋርጣቸዋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም እንደገና ይሞክራሉ። ይህን ለማወቅ የቮልት መለኪያውን በምሽት ማሳረፍ ይበቃል። ጋዝ የሾለከበት ኮምፕረሰር ግን በተቃራኒው ያለ እረፍት ይሠራል፤ የሚስበውም አምፔር በሰሌዳው ከተጻፈው በግልጽ ያነሰ ነው፤ የሚጨምቀው ነገር የለውምና። ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ይታገላል፣ ሌላው በከንቱ ይሽከረከራል፤ በእጅ ቢዳሰሱና በጆሮ ቢሰሙ እንኳ ይለያያሉ።

ሦስተኛው በካፒላሪው ውስጥ የሚረጋ ውኃ ነው። የቱቦው ውስጣዊ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ስለ ሆነ ጥቂት እርጥበት ጫፉ ላይ ረግቶ ይዘጋዋል። ምልክቱ መመላለሱ ነው፤ ጥቂት ሰዓት በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ያቆማል፣ ተነቅሎ ካረፈ በኋላ ደግሞ ያቀዘቅዛል። ጋዝ የሌለው ማቀዝቀዣ አርፎ አይሻለውም።

እነዚህ ሦስቱ ከተወገዱ በኋላ ኢቫፖሬተሩ ይታያል። ጋዙ በሙሉ ከወጣ ውርጭ ፈጽሞ አይታይም፣ ኮንደንሰሩም አይሞቅም። በከፊል ከወጣ ግን ውርጩ ካፒላሪው ከሚገባበት ጀምሮ ጥቂት ይሄድና ድንገት ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቱቦ ደረቅ ነው። የጎደለው ጋዝ መጠን ምን ያህል እንደ ሆነ ውርጩ የቆመበት ቦታ ራሱ ይናገራል፤ ይህ ምልክት ከጌጅ የበለጠ የሚታመንበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ጌጁ ይደረሳል፤ የደጋው ባለሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ገደማ ነው፤ ውኃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የደብረ ኤልያስም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የጋዝ ጌጅ የሚለካው በቱቦው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ የውጭው አየር በቀለለ መጠን ያው ግፊት በጌጁ ላይ ከፍ ብሎ ይነበባል። በጌጁ ፊት ላይ የተጻፉት የሙቀት ቁጥሮችና ከጋዙ ጋር የሚመጡት ሠንጠረዦች በብዛት የተሠሩት ለባሕር ዳርቻ ነው።

ይህ በቁጥር ሲታይ እንደሚከተለው ነው። አር 134 ኤ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲተን ጠቅላላ ግፊቱ 1.33 ባር ነው። በባሕር ዳርቻ ጌጁ 0.32 ባር ያህል ያሳያል፤ በደብረ ማርቆስ 0.58። ሠንጠረዡን ብቻ የሚያምን ባለሙያ 0.58ን አይቶ ኢቫፖሬተሩ 16 ዲግሪ ከዜሮ በታች ብቻ እንደ ደረሰ ይቆጥራል፤ ጋዙ በዝቷል ብሎም ያስተነፍሳል። መርፌዋን 0.32 ላይ ለማቆም ሲል ጋዙን አጉድሎ ኢቫፖሬተሩን ያስርበዋል። ማቀዝቀዣው ከጥገናው ቀን ጀምሮ ጎደሎ ሆኖ ይኖራል፤ ሙቀቱ ወራት ሲገባም አቅም ያጥረውና ባለቤቱ «እንደገና ሾለከ» ብሎ ይጠራዋል። ያልነበረ ቀዳዳ ሲፈለግ ይዋላል። ከዚህ ሁሉ መዳኛው አንድ ነው፤ በቤት ማቀዝቀዣ ጋዝ በሚዛን እንጂ በጌጅ አይሞላም። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግራም በደብረ ኤልያስም በምጽዋም ያው ነው። አንዲት ግራም የምትለይ ሚዛን ከጌጁ ይልቅ ርካሽ ሆና ሳለ በብዙ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ አለመገኘቷ የሚገርም ነው።

በቫኪዩሙም ዘንድ ይኸው ነገር ይደገማል። ፓምፑ አየሩን በሙሉ ሲያወጣ የጌጁ መርፌ በባሕር ዳርቻ ወደ 30 ኢንች ትወርዳለች፤ በደብረ ማርቆስ ግን ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ ከ22 ኢንች አታልፍም። ከ22 በላይ የሚወጣ አየር የለምና። ይህን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ፓምፑን ይጠረጥራል፣ ዘይቱን ይለውጣል፤ ቀጥሎም ቱቦው ያፈሳል ብሎ ደኅናውን ብየዳ ይፈታል። መርፌዋ ግን የምትናገረው ስለ አገሩ ከፍታ ነው። የቫኪዩሙን ጥልቀት በትክክል የሚያሳየው ጠቅላላ ግፊትን የሚለካው የኤሌክትሮኒክ መለኪያ ነው፤ እርሱ ባለበት ፓምፑ ተዘግቶ ሲጠበቅ ግፊቱ ጥቂት ወጥቶ ከቆመ እርጥበት፣ ሳያቋርጥ ከወጣ ቀዳዳ መኖሩን ያስረዳል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ቱቦውን በናይትሮጂን መንፋት የታወቀ መንገድ ነው። ማቀዝቀዣው ካፒላሪው ከማጣሪያው ላይ ተቆርጦ የኮንደንሰሩ ወገንና የኢቫፖሬተሩ ወገን ለየብቻ ቢነፋ ፍለጋው በግማሽ ያጥራል። 10 ባር ለቤት ማቀዝቀዣ ይበቃል። የሳሙናው አረፋ ወፍራም ሆኖ በብሩሽ ይቀባል፤ ትንሽ ቀዳዳ ወዲያው አረፋ አያወጣም፣ አምስት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ዐይን ይቅደም፤ ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራ የያዘ ቅባት ባለበት ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ከደብረ ማርቆስም ወዲያ በመኪና ሲንገጫገጭ የመጣ ማቀዝቀዣ ከሆነ ቱቦ ከቱቦ ወይም ቱቦ ከብረቱ አካል የተፋተገበት ቦታ ይመርመር። ቀደም ሲል የሌላ ሰው እጅ የገባበት ከሆነ ደግሞ ያ ሰው ጋዝ የሞላበት አፍ ከሁሉ በፊት ይታይ። ቱቦውን በስቶ የሚጣበቅ ጊዜያዊ ቫልቭ እዚያው ተትቶ የተገኘ እንደ ሆነ ፍለጋው ብዙውን ጊዜ እዚያው ያበቃል፤ ጎማው ደርቆ ያፈሳልና።

የተነፋውን ቱቦ አሳድሮ በማግስቱ ጌጁን ማንበብ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለደጋ ግን ማረሚያ ይፈልጋል። ከቀትር በኋላ በ22 ዲግሪ ሙቀት 10 ባር ላይ የተዘጋ ናይትሮጂን ሌሊት ወደ 9 ዲግሪ ሲወርድ ጌጁ 9.5 ባር ገደማ ያነባል። ግማሽ ባር የጠፋው በብርድ ነው፤ አንድ አረፋ እንኳ አልወጣም። ንባቡ ሙቀቱ በተመሳሰለበት ሰዓት መሆን አለበት፤ ወይም በሁለቱም ሰዓት የክፍሉ ሙቀት ተመዝግቦ ሒሳቡ ይሠራ።

ስለ ናይትሮጂን ከተነሣ አንድ አደገኛ ልማድ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ናይትሮጂን በትንንሽ ከተሞች እንደ ልብ አይገኝም፤ የብየዳ ኦክሲጅን ግን በየጋራዡ ቆሟል። «ሁለቱም አየር ናቸው» ተብሎ ኦክሲጅን ወደ ማቀዝቀዣ ቱቦ የሚነፋ ከሆነ ውጤቱ ፍንዳታ ሊሆን ይችላል። በግፊት ያለ ኦክሲጅንና የኮምፕረሰር ዘይት ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይነዳሉ። ኮምፕረሰሩ የተዘጋ የብረት ዕቃ ስለ ሆነ እንደ ቦምብ ይሰነጠቃል፤ የሚያንበረክከውም ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ አረፋ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ናይትሮጂን ካልተገኘ ሥራው እስኪገኝ ይቆይ፤ የከሸፈ ቀጠሮ ይሻላል።

የጋዙ ዓይነት ሌላው የጥንቃቄ ቦታ ነው። ሮውላንድና ሞሊና እ.ኤ.አ. በ1974 ክሎሪን ያለባቸው የማቀዝቀዣ ጋዞች የኦዞን ሽፋንን እንደሚጎዱ ካመለከቱ በኋላ፣ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ተቀበለችው። አር 12 በማደግ ላይ ባሉ አገሮች እስከ 2010 ድረስ እንዲቀር ተወሰነ። የእርሱ ምትክ የሆነው አር 134 ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ኀይሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሺሕ ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ በ2016 የኪጋሊው ማሻሻያ እርሱንም ቀስ በቀስ እንዲቀንስ አደረገ። በዚህ ምክንያት አዲስ የሚመጡት የቤት ማቀዝቀዣዎች አብዛኞቹ በአር 600 ኤ ይሠራሉ፤ ይህም አይሶቡቴን ነው፤ የማእድ ቤት ቡታ ጋዝ የቅርብ ዘመድ፣ የሚነድም ነው።

በደጋ አገር አር 600 ኤ አንድ ልዩ ጠባይ ያሳያል። በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲተን ጠቅላላ ግፊቱ 0.72 ባር ነው፤ ይህ ከደብረ ማርቆስ የአየር ግፊት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ እየሠራ ሳለ በኢቫፖሬተሩ ላይ ባለው ቀዳዳ በኩል የሚወጣም የሚገባም ነገር የለም ማለት ያስደፍራል፤ የሳሙናው አረፋ ዝም ይላል። ባለሙያው «ይህ ወገን ደኅና ነው» ብሎ ወደ ኮንደንሰሩ ያልፋል። መሣሪያው ሲቆምና ግፊቱ ሲመጣጠን ግን ቀዳዳው መተንፈስ ይጀምራል። ስለዚህ የኢቫፖሬተሩ ወገን መሣሪያው ቆሞ፣ ሞቆም ሳለ መፈተሽ አለበት። በባሕር ዳርቻ ያው ቀዳዳ አየር ወደ ውስጥ ስለሚስብ ኮንደንሰሩ ከመጠን በላይ በመሞቁ ይታወቅ ነበር፤ በደጋ ይህ ምልክት እንኳ ደካማ ነው።

የዚህ ጋዝ መጠን ትንሽ ነው፤ በአንድ የቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ70 ግራም አይበልጥም። ነገር ግን 50 ግራም ብቻ ከ1 ሜትር ኩብ በላይ የሆነ አየር ለመንደድ የተዘጋጀ ያደርጋል፤ አይሶቡቴን ከአየር እጥፍ ያህል ስለሚከብድም ወለል ላይ ይተኛል። የጎጃም ቤት ወለል ደግሞ የቡና ከሰል የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ባለሙያ ሲመጣ ቡና መፍላቱ የእንግዳ አቀባበል ወግ ቢሆንም ሥራው እስኪያልቅ ከሰሉ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በድሮ ጊዜ የጋዝ መሹለክ ይፈለግበት የነበረው፣ ነበልባሉ አረንጓዴ የሚሆነው መብራትም ለአር 600 ኤ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ለአር 134 ኤም ክሎሪን ስለሌለበት አይሠራም፤ ባለ መብራቱ ነበልባሉ አልተለወጠም ብሎ «አያፈስም» የሚል ፍርድ ሰጥቶ ሊሄድ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት የጋዝ ቅይጥ ነው። በእጁ ያለው ሲሊንደር አር 134 ኤ ብቻ የሆነ ባለሙያ በአር 600 ኤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሞላዋል። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሐድም፤ ሞተሩም የተሠራው ለቀላል ጭነት ስለ ሆነ ይጨነቃል። በተገላቢጦሹ በአር 134 ኤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቡታ ጋዝ የሚሞላ ሰው ደግሞ ብልጭታ የሚያወጣ ቴርሞስታት ባለበት ቤት ውስጥ የሚነድ ጋዝ ተክሎ ይሄዳል። ሁለቱም «ያቀዘቅዛል» ተብለው ይመሰገናሉ፤ ለጥቂት ወራት ያቀዘቅዛሉና።

ለቆላው የቤት አየር ማቀዝቀዣ ሁለት ነገር ብቻ ይጨመር። በዚያ መሣሪያ ድንገተኛ መሹለክ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው በውስጥና በውጭ ክፍሉ መካከል ያሉት ቱቦዎች በሚጠበቁባቸው ብሎኖች ላይ ነው፤ ያለ መጠን የጠበቀ ብሎን የመዳቡን አፍ ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው፣ ቆሞ ሳለ የሚነበበው ግፊት አያታልል። አር 410 ኤ በ20 ዲግሪ ጠቅላላ ግፊቱ 14.4 ባር ነው፤ በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግማሹ ጋዝ ወጥቶ እንኳ ጌጁ ያንኑ ያነባል። ጋዙ መቀላቀል ስለ ሆነም ብዙ የሾለከበት መሣሪያ ላይ ጨምሮ ከመሙላት ይልቅ የቀረውን በመሰብሰቢያ ሲሊንደር አውጥቶ በሚዛን እንደገና መሙላት ይመረጣል።

የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ከቤቱ የሚለየው በጥድፊያው ነው። በኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 ከተጀመረ ወዲህ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲቆይ ይጠበቃል። ማቀዝቀዣው የከዳ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ሳይሆን መድኃኒቱን በበረዶ ጥቅሎች ወደ ታጀበ የቅዝቃዜ ሣጥን ማዛወር ነው፤ በችኮላ ከበረዶው ጋር የተነካካ አንዳንድ ክትባት፣ የመንጋጋ ቆልፉን ጨምሮ፣ ረግቶ ከጥቅም ውጭ እንደሚሆን ማስታወስም ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ከማናቸውም ጌጅ በፊት በማቀዝቀዣው በር ላይ የተሰቀለውን የሙቀት መዝገብ ያንብብ። ነርሷ ጧትና ማታ የጻፈቻቸው ቁጥሮች ሙሉ የሕመም ታሪክ ናቸው። ሙቀቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ4 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 7 እየወጣ ከመጣ ቀዳዳው ጠባብና የቆየ ነው። በአንድ ማታ ከ4 ወደ 15 ዘሎ ከቀረ ቱቦ ተሰብሯል ወይም ኮምፕረሰሩ ቆሟል። ወጥቶ የተመለሰ ከሆነ መብራት ጠፍቶ መጥቷል፤ በፀሐይ ኀይል ለሚሠራውም ደመናማ ሳምንት አልፏል። እንዲህ ያለ መዝገብ በቤት ውስጥ ቢኖር ኖሮ ከላይ የተነገረው ምርመራ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር። በአንዳንድ ጤና ጣቢያ መጋዘን ውስጥ የቀሩት የላምባ ማቀዝቀዣዎች ግን ሌላ ናቸው፤ የእነርሱ ጋዝ አሞንያ ስለ ሆነ ሽታው ራሱ ይናገራል፣ በቱቦው ላይም ቢጫ ቅርፊት ይታያል። እነዚህ አይሞሉም፤ ክፍሉ በሙሉ ይለወጣል።

ወደ ፋሲካው ማቀዝቀዣ እንመለስ ቢባል፣ የአሉሚኒየሙ ቀዳዳ በደንብ ከተፋቀና ከደረቀ በኋላ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ወይም በአሉሚኒየም ብየዳ ይደፈናል። ማጣበቂያው እስኪጠና አንድ ሌሊት ይፈልጋል፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ባለሙያ በዚያው ቀን ለመመለስ ሲል ይህን ሌሊት ይሰርቀዋል፤ ብዙ ደኅና ጥገናም የሚበላሸው በዚህች አንድ ሌሊት ነው። ማጣሪያው ይለወጣል፣ ቫኪዩሙ ኢቫፖሬተሩን ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እያሞቁ ይወሰዳል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ውኃ ለመትነን ይሰንፋልና። ጋዙ በግራም ይገባል።

ከመሄዱም በፊት ባለሙያው አንዲት ወረቀት ይለጥፍ፤ ቀኑን፣ የጋዙን ስም፣ የገባውን ግራም፣ ቀዳዳው የተገኘበትን ቦታና ለሥራው የተከፈለውን ጊዜ ጽፎ። ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ሌላ ሰው ነው፤ የቤቱ ሰው ስለ ቢላዋው ባይነግረውም ወረቀቷ ትነግረዋለች። ወረቀቷ በኮምፕረሰሩ ላይ አትለጠፍ፤ ሙቀቱ ሙጫውን አድርቆ ይጥላታል፤ በበሩ ጎን፣ እጅና እንፋሎት በማይደርስበት በኩል ብትሆን ትቆያለች።